ያልቆሙት ጠበቃ

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። የሚያነበኝ ሰው የመጀመሪያው ሰሚዬ ነው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ሳን ሆዜ ተማሪ ሳለሁ፣ ከክፍል ስወጣ አጠገቡ ወዳለችው ካምቤል ከተማ እየሄድኩ ዓይናቸው ለጠፋ አንዲት ሕንዳዊት አሮጊት አነብላቸው ነበር። ሚስስ ሱሺላ ይባላሉ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ቢሆንም በልቤ እማማ እላቸው ነበር። የማነብላቸው የአባታቸውን የዕለት ማስታወሻ ነው። አባትየው ለንደን ሕግ ተምረው፣ በእንግሊዞች አገዛዝ ዘመን አገራቸው ውስጥ ስመ ጥር ጠበቃ፣ ኋላም የአገረ ገዢው ምክር ቤት አባል የሆኑ ሰው ናቸው።

«እንደ አይጥ አታንሾካሹኪ!» ይሉኛል እየሳቁ። «አባቴ ዳኛ ፊት እንዲህ ቢናገር ኖሮ ደንበኞቹ በሙሉ ይሰቀሉ ነበር።»

አንዱ ግን ተሰቅሏል። ጎረቤታቸው የነበረ፣ ነፃነት የጠየቀ ወጣት አስተማሪ። እማማ ሱሺላ ዕድሜ ልካቸውን ማወቅ የፈለጉት ይህን ነበር፦ አባታቸው ቃል እንደገቡት በችሎቱ ቀን ቆመውለታል? ካልቆሙለት፣ ሕንድ ያለችውን የሟቹን እኅት ሳይሞቱ ይቅርታ ሊጠይቋት ቆርጠው ነበር።

ገጹን አገኘሁት። «ታምሜአለሁ ብዬ ቀረሁ። አልታመምኩም» ይላል። ዝቅ ብሎ፣ በሌላ ቀለም፣ ምክር ቤት መሾማቸው ተጽፏል።

እኔ «ዛሬ ቆምኩለት» ብዬ አነበብኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? እኛ ዘንድ መርዶ ለሽማግሌ በድንገት አይነገርም፤ ቆይቼ፣ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እሳቸው ፊታቸውን ከእኔ አልፈው ወደ ጀርባዬ አቀኑ።

«እንግዲያው ቁጭ ይበላ» አሉ።

«ማን?»

«አባቴ ነዋ። ካነበብሽው ጀምሮ ከኋላሽ ቆሟል።»

ዞርኩ። ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ብቻ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን ስከፍት የሚቀበሉኝ ሁለት ሰው እንደ መጣ አድርገው ነበር። አንድ ከሰዓት፣ ማንበቤን ሳቋርጥ፣ የሌላ ሰው ትንፋሽ ከእኔ ዘግይቶ ሲቋረጥ ሰማሁ። ያኔ እንኳ እውነቱን አልተናገርኩም።

«ጻፊላት» አሉኝ በመጨረሻ። «አባቴ ለወንድምሽ ቆሞለት ነበር በያት።»

ጻፍኩ። በገዛ እጄ፣ በንጹሕ እንግሊዝኛ፣ አንዲት ነጥብ ሳላዛንፍ ጻፍኩ።

መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «እዚያ ነበርኩ፤ ወንድሜ እስኪፈረድበት ድረስ በሩን በሩን ያይ ነበር።»

«ምን መጣ?» አሉ እማማ።

«የሱቅ ማስታወቂያ ነው» አልኩ።

በአባታቸው እንደኮሩ ሞቱ። የሟቹ እኅት አድራሻ ፖስታው ላይ ነበር፤ እውነቱን ጽፌ መላክ እችል ነበር፤ አልጻፍኩም። የመርዶ ወግ ማክበር አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። ዓይን አፋርነት እያልኩ ሳቆላምጠው የኖርኩት ፍርሃት። እኔም እንደ ሰውየው ታምሜአለሁ ብዬ ቀረሁ።

ይቅር በሉኝ አልልም። የበደልኩት እናንተን አይደለም።