ዝንጀሮዎቹ የሚያውቁት ኮት

ልጄ፣ ኮቱን ለጊዜው ተይው። ቀሚሶቹን፣ ሻሾቹን፣ ነጠላዎቹን ሁሉ ለሰደቃ ውሰጂ፤ እማ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ለልብስ ስስት አልነበራትም። ኮቱን ግን ከመጠቅለልሽ በፊት እስቲ ኪሱን አሽትቺው። እኔ ዛሬ ጧት እዚሁ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ላሰጣው ስዘረጋው፣ የብል መድኃኒቱን አልፎ የጥንቅሽ ሽታ መጣብኝ። ትስቂያለሽ? ሳቂ። የማሽላ አገዳ ስንት ዘመን ይሸታል ትዪኝ ይሆናል። እኔ ግን ወላሂ ኮቱን እንደታቀፍኩ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አንቺ የቧንቧ ውሃ ልጅ ነሽ፣ ዝንጀሮ በሩቁ ነው የምታውቂው። የእኛ ቤት ከቢስቲማ ከተማ ቁልቁል፣ ከገደሉ ሥር ነበር። ከኋላችን ገደሉ፣ ከፊታችን የማሽላ ማሳ። ገደሉ የዝንጀሮ፣ ማሳው የእኛ፤ ድንበሩ ደግሞ አባቴ ነበር። ቀልዴን አይደለም። ይህንን ካኪ ኮት ደርቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን አንጠልጥሎበት ብቅ ይልና "እህህ!" ብሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ መንጋው ግልገሉን እያዘለ ሽቅብ ይነካዋል። ወንጭፍም ያውቅበታል። የመንጋውን አለቃ፣ ጋማው እንደ ካባ የወረደለትን ግዙፍ ወንድ፣ አንድ ቀን በወንጭፍ ድንጋይ ጆሮውን ቆረጠው። ከዚያ ወዲያ ያ ጆሮ ቆራጣ ይህንን ኮት ካየ ሁለተኛ አይዞርም።

ደርግ ወንዱን ሁሉ ለሚሊሺያ ሲመለምል አባቴም ተመለመለ። የሚሄድ ቀን ኮቱን አወለቀና በገዛ እጁ ምሰሶው ላይ ሰቀለው። "መንግሥት ያለብሰኛል፤ ይሄ እስክመጣ ይቀመጥ" አለ። ሌላም ብዙ ብሎ ይሆናል፣ እኔ ግን ያቺን ብቻ ነው የያዝኩ። እማ ቃሏን እንደ አማና ተቀበለችው። ቤት ስትጠርግ እንኳ ኮቱን ሳትነካ በዙሪያው ትዞር ነበር።

ሰባ ሰባትን እንዴት እንዳለፍናት አልነግርሽም፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው። በማግሥቱ ዓመት ግን ዝናቡ ገባ። ኧረ እንዴት ያለ ዝናብ! ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆነ፣ ራሱ ሞላ፣ ጧት ጧት ማሳው ውስጥ ስትገቢ ያ የእሸት ሽታ ብቻውን ያጠግባል። ሆኖም ሥጋት ነበረብን። እህል የሌለው ቤተሰብ ለሰፈራ ይመዘገባል፣ ወደ ምዕራብ ወደማናውቀው አገር ይጫናል የሚባልበት ጊዜ ነው። እማ ረሃቡን አልነበረም የፈራችው። "ከዚህ ከተነሳን እሱ ሲመጣ የት ያገኘናል?" ትል ነበር፣ ማታም ጧትም። ያ ማሽላ አውድማ ካልደረሰ ቤታችን የለም ማለት ነው፣ እኔም ልጅ ብሆን ይሄ ገብቶኝ ነበር።

እሸቱ ሲያጋት፣ ፍሬው ወተት ሲቋጥር፣ ዝንጀሮዎቹ ወረዱ። መጀመሪያ ከድንጋይ ጀርባ አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ ያዩናል፣ ወንድ ይፈልጋሉ። ኋላ ወንድ እንደሌለ ሲያረጋግጡ ቀስ ብለው ገቡ። ዝንጀሮ ሴት አይፈራም፤ ተረት እንዳይመስልሽ። እማ ድንጋይ ስትወረውር ጆሮ ቆራጣው ድንጋዩ የወደቀበትን ያያል፣ እሷን ያያል፣ ከዚያ ሌላ የማሽላ ራስ ሰብሮ አንዴ ይነክስና ይጥላል። ጥጋቡ! በልቶ ቢጠግብ ባልተናደድኩ።

እንዲያውም አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከማሳ ስንመለስ በሩ ተከፍቷል። ገብተን ስናይ ጆሮ ቆራጣው ንፍሮውን ከነድስቱ ታቅፎ፣ አባቴ የሚቀመጥበት መደብ ላይ ተዘርፍጦ ይበላል። እማ ደርቃ ቀረች። አክስቴ፣ የአባቴ እህት ናት፣ ባሏም እንደ አባቴ ሄዶባት ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው፣ ምላሷ ለማንም አይመለስም፣ ወደ እኔ ዞራ "አባወራው ገብቷል፣ እጅ ማስታጠቢያ አምጪ እንጂ" አለችኝ። ዝንጀሮው እኛን ገፍቶ ድስቱን እንደያዘ ወጣ። ሳቅንም አለቀስንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ አባወራው ሆነ።

ያን ዕለት አክስቴ ኮቱን ጠየቀች። የወንድ ልብስ ለብሰን ካልወጣን ይሄ ማሽላ አይተርፍልንም፣ አባወራው የሚያውቀው ደግሞ ይህንን ኮት ነው አለች። እማ ኮቱ ፊት ቆመች። የሰው ልብስ ከተሰቀለበት የሚወርደው ባለቤቱ ሲሞት፣ ለሰደቃ ሊሰጥ ነው፤ በቁሙ ማውረድ ሟርት ነው፣ እኔ በባሌ ላይ አላሟርትም ብላ ድርቅ አለች። አክስቴ "መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ" አለቻት። እሾህ ሁሉ አካሏ ላይ ሲሰካ የቱን እንንቀልልሽ ሲሏት ያለችውን ማለቷ ነው፤ የቀደመውን እናስቀድም፣ ማሽላውን። እማ አልሰማችም።

አክስቴም ግትር ናትና ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሽርጥና ጥምጣም ተዋሰች። ረጅም ናት፣ እግሯን ስትሰድ ወንድ ትመስላለች። በማግሥቱ ዱላውን አጋድማ ከማሳው ጥግ ብቅ ስትል እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ዝንጀሮዎቹ አንገታቸውን አቀኑ። አንዱ ጮኸ፣ እናቶቹ ግልገላቸውን አዘሉ፣ መንጋው ተነቃነቀና ወደ ገደሉ ሩጫ ጀመረ። አባወራው እንኳ ተነሳ! ታዲያ ምን ሆነ መሰለሽ? በየማሳው ያሉት ሴቶች ደስታቸውን መያዝ አቃታቸውና እልልታቸውን አቀለጡት። ለሠርግ፣ ለልጅ፣ ለዝናብ እልል ማለት የለመደ ሴት ምን ያድርግ! አክስቴም ራሷ ከነጥምጣሟ "እልልል!" አለች። አባወራው ቆመ። ዞረ። አክስቴን ከእግር እስከ ራሷ አያት። ከዚያ መንጋውን አስከትሎ ተመለሰና ያን ቀን ከወትሮው እጥፍ በሉ። አክስቴ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቀና ብላ አላየችም፤ እኔ ግን በሳቅ ልሞት ነበር። እማ አልሳቀችም። ከማሳው ግማሽ የሚሆነው አገዳ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ስሚኝ። ረፋድ ላይ ነው። እኔ ማማው ላይ ነበርኩ፤ ማማ ማለት በአራት እንጨት ላይ የሚሠራ ቆጥ ነው፣ ሰብል የሚጠበቅበት። ወንጭፍ ይዣለሁ፣ ድንጋዬ አልቋል። አክስቴ በማዶ በኩል ቆርቆሮ እየደበደበች ትጮሃለች። መንጋው ከወትሮው በዝቶ ነው የመጣው፣ የአገዳው መሰበር ቀሽ ቀሽ ሲል ከሁሉም አቅጣጫ ይሰማኛል። በዚህ መሀል ማማው ተንቀጠቀጠ። ቁልቁል ሳይ አባወራው የማማውን እንጨት ይዞ እየወጣ ነው። ምሳዬን ነበር የፈለገው፣ ቂጣዬን። ወረወርኩለት፤ አልወረደም። ራሱ ከእግሬ ትይዩ ደረሰ፤ የተቆረጠች ጆሮው፣ ቅንድቡን ሽቅብ ሲያነሳ ነጭ የሚለው ቆዳው፣ ከዚያ አፉን ከፈተና ክራንቻውን አሳየኝ። ያ አላህ! የአፉ ትኩሳት እግሬን ነካኝ። ወደ ቆጡ ጥግ ተንፏቀቅኩ።

ያኔ ነው በቤታችን በኩል ካለው መንገድ "እህህ!" የሚል የሰማሁት።

አባቴ ነው። ኮቱ ነው፣ ዱላው ትከሻው ላይ ነው፣ እጆቹ ተንጠልጥለዋል፣ አገዳውን በደረቱ እየከፈለ ይመጣል። መጣልን! ሚሊሺያው፣ ጦርነቱ፣ ሁሉም አለቀ፣ አባቴ መጣ! ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከውስጤ ወጣና "አባ! አባ!" እያልኩ ጮህኩ። አባወራው ዞረ። ኮቱን አየ። ከማማው ላይ ዘሎ ወረደና በሦስት እግሩ ይሁን በአራት እንጃ፣ ብቻ አቧራው ነው የታየኝ። መንጋው ተከተለው። ገደሉ ሙሉ ጩኸት ሆነ፣ ድንጋይ እየተናደ ይወርዳል፣ ግልገል ከእናቱ ጀርባ ወድቆ እንደገና ይንጠለጠላል! ሴቶቹስ? በየማሳቸው ቆመው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ግጥም አድርገው ይዘዋል፤ አንዲትም ሴት እልል አላለችም።

እኔ ከማማው እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሮጬ ወገቡ ላይ ተጠመጠምኩ። ፊቴን ኮቱ ውስጥ ቀበርኩ፤ የአባቴ ላብ አለ፣ ጭስ አለ፣ የኪሱ ጥንቅሽ አለ። ከዚያ ግን ወገቡ ቀጠነብኝ። ቀና ስል በጥምጣሙ ሥር ያሉት የእማ ዓይኖች ናቸው፣ እንባቸው ይወርዳል። ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ተናደድኩ። ልመታት ነበር። እጄን ለቀም አድርጋ ያዘችና ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፦

"ዝም እንዳትዪ። አባ እያልሽ ጥሪኝ፤ እየሰሙ ነው።"

እያለቀስኩ ጠራኋት። ወደ ገደሉ ዞሬ፣ ባለ በሌለ ድምፄ "አባ! አባ! አባ!" አልኩ። እሷ ደግሞ እንደሱ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ይሄን ሳል መቼ ተማረችው? ማታ ማታ ስንተኛ ለካ ለብቻዋ ታስታውሰው ኖሯል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ ማሳ ውስጥ እናቴን "አባ" ነበር የምላት። ለምጄው ነበር፣ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፣ ጥንቅሽ ሰብሬ በኪሷ እከትላት ነበር። አክስቴም "ወንድሜ" ትላታለች፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ አንድ ቀን ግን "ወንድሜ፣ ውሃ ልስጥህ?" ብላት ቅሉን እንደያዘች ፊቷን አዙራ ተንሰቀሰቀች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤት እንገባለን፣ እማ ኮቱን ታወልቃለች፣ አቧራውን በእጇ ታራግፋለች፣ "አፉ በለኝ" ትለውና ምሰሶው ላይ ትሰቅለዋለች። ያኔ እማ ትሆናለች።

ማሽላው አውድማ ደረሰ። የሰፈራ መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ጎተራችንን አይተው አለፉን። አክስቴ ያን ቀን እስኪበቃት እልል አለች፣ ከልካይ አልነበራትም።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሮቹ ባዶ እግራቸውን፣ ልብሳቸው አልቆ፣ በየመንገዱ ይመለሱ ጀመር። እማ ኮቱን ክንዷ ላይ አጥፋ እስከ ኮምቦልቻ ወርዳ አስፋልቱ ዳር ቆመች። "ተራቁቶ ነው የሚመጣ፣ ብርድ ይመታዋል" ነበር የምትለው። ያለፈውን ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች። የአክስቴ ባል መጣ። አባቴ አልመጣም፤ ሞተ ያለንም የለም፣ አየሁት ያለንም የለም። ሽማግሌዎቹ ኋላ ላይ ልብሱን ለሰደቃ አውጪለት፣ ሩሑ ትረፍ ቢሏት፣ ሰደቃ ለሞተ ሰው ነው አለቻቸው። እኔ አግብቼ ደሴ ስገባና እሷን ሳመጣት፣ ከዚያ ቤት ይዛ የመጣችው ኮቱን ነው። ይኸው ምስማሩ፣ ራሷ ናት ያስመታችው።

በመጨረሻዋ ሰሞን፣ አልጋ ላይ ሆና፣ እማ እማ ብላት አልሰማ አለችኝ። ጠጋ አልኩና ጆሮዋ ሥር "አባ" አልኳት። ዓይኗን ገለጠችና ፈገግ አለች፣ ጉሮሮዋንም ልትጠርግ ሞከረች።

እንግዲህ የሟች ልብስ ለሰደቃ ይወጣል፣ ደግ ነው፣ የእሷን ሁሉ ውሰጂ። ይሄ ግን የእሷ አይደለም። በይ አቀብይኝ፣ ምስማሩ ላይ ልመልሰው። እስኪመጣ ይቀመጥ።