የቲቸር ወይንሸት ሰኞዎች

ባለፈው ክረምት ልጄን ላስመዘግብ አስኮ አጠገብ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ጎራ አልኩ። ክፍሎቹን እያደሱ ነበር፤ አንዱ ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ሰውዬ ሰሌዳውን ጥቁር ቀለም ይቀባል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ቲቸር ወይንሸት ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። የሰማያዊ ጋዋናቸው ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ ብናኝ የነጣ ነው። በጣም እንፈራቸው ነበር፤ ሰሌዳ ላይ የወጣ ተማሪ መልሱን ሳያገኝ አይቀመጥምና።

አንድ ቀን ተራው የእኔ ሆነ። ክፍልፋይ ማካፈል ነበር። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ ቆርቆሮ ጣሪያው ራሱ የሳቀብኝ መሰለኝ። ጠመኔውን ጥዬ ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ደብተሮቼን አልጋ ሥር ወሸቅኩና "ከእንግዲህ አልማርም" አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ኮልፌ፣ በአባቴ የቅመም ሱቅ ውስጥ፣ ኮረሪማ ስለቅም ዋልኩ። አባቴም "በቃ፣ እኔን ትርዳኛ" ማለት ጀምሮ ነበር።

በአራተኛው ቀን ቲቸር ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ከጆንያ ጀርባ ተደበቅኩ።

"ጥፋቱ የሙና አይደለም፣ የእኔ ነው" አሉት አባቴን። "ልጅቷን ሰው ፊት አቁሜ አሳፈርኳት። ነገ ይላኩልኝ፤ ሌላ ነገር እሞክራለሁ።"

"እርስዎ አስተማሪ ሆነው እንዴት ያጠፋሉ?" አለ አባቴ ግራ ገብቶት።

"አስተማሪም ይሳሳታል፣ ጋሽ ሸምሱ።"

በማግስቱ፣ ሰሌዳ ላይ የሚወጣ ሁሉ የመረጠውን ጓደኛ ይዞ እንዲወጣ ፈቀዱ። እኔ ጓደኛዬን ትዕግስትን ይዤ ወጣሁ። አሁንም ተሳሳትኩ። ቲቸር ግን ዳስተሩን አላነሱም።

"ከመጥፋቱ በፊት፣ እስከ የት ድረስ ልክ ነች?" ብለው ክፍሉን ጠየቁ።

"እስከ ሁለተኛው መስመር!" አለ አንድ ልጅ ከኋላ።

እስከ ሁለተኛው መስመር ልክ መሆኔን እስከዚያ ቀን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ፣ እኛ የክፍል ሥራ ስንሠራ፣ እሳቸው በአንዲት ትንሽ ደብተር ላይ ለሰኞ የሚቀይሩትን ነገር ይጽፋሉ። አንድ ነገር ብቻ። አንድ ሰኞ የተሳሳትነውን ፈተና አርመን እንድንመልስ ፈቀዱልን። ሌላ ሰኞ በቡድን በቡድን አስቀመጡንና ክፍሉ ገበያ ሆነ። ቆም ብለው አዩን፣ ሳቁ፣ "ይሄኛው አልሠራልኝም፤ በሌላ እንሞክራለን" አሉ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ምንም አላፈሩም።

ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስወድቅ እሳቸው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው ነበር። አባቴ ሊያጽናናኝ ፈልጎ "አይዞሽ፣ ሱቁ አለልሽ" አለኝ። ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ መጣሁና "ልድገመው፣ አባዬ" አልኩት።

ከኪሱ ብር አወጣ።

"ስንት ደብተር ይበቃሻል?" አለኝ።