ሰኞ የሚወድቅ፣ ዓርብ የሚነሳ እጀታ

ደበሌ ሞተር አይነካም፤ ፍሬንም አይነካም። አዋሳ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያረጁ የቤት መኪኖችን የበር እጀታ። እጀታ ሲያረጅ የውስጥ ሞላው ይደክምና ወደ ታች ይዘማል። ደበሌ ደግሞ የዘመመ እጀታ አይቶ ማለፍ አይችልም። ፒያሳ የቆመ የሰው መኪና እጀታ በጣቱ እያነሳ ሲመረምር፣ ሌባ ተብሎ ሁለት ጊዜ ታስሯል። የሠርጉ ዕለት እንኳ ሙሽራዋን የጫነችው መኪና እጀታዋ ተንጠልጥሎ ሲያይ፣ ካቻቢቴ አስመጥቶ በሩን ፈታታው። ሙሽራዋ ብርሃነሽ መኪናዋ ውስጥ አርባ ደቂቃ ተቀምጣ ጠበቀች። ሚዜዎቹ ዘፍነው ዘፍነው ሲደክማቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ቀድሞ ያየው እጀታውን ነው፤ እኔን ኋላ ነው ያየኝ» ትል ነበር፤ አንዳንዴ እየሳቀች፣ አንዳንዴም ሳትስቅ።

በ1974 ዓ.ም. ቀበሌው አስጠራው። ግቢው ውስጥ ከአንድ ባለሀብት የተወረሰች ጥቁር አሮጌ መኪና በአራት ብሎኬት ላይ ቆማለች። ሞተሯ ተነቅሎ ሄዷል፤ ጎማዎቿ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። የሊቀመንበሩ ክፍል በኅብረት ሱቁ ስኳርና ጨው ስለሞላ፣ ሊቀመንበሩ ጓድ አምሳሉ መኪናዋን ቢሮ አድርገዋታል። እሳቸው መሪው ጋ ይቀመጣሉ፣ ባለጉዳይ ከጎናቸው ይቀመጣል፣ ጸሐፊዋ ፀሐይ ከኋላ ሆና የጽሕፈት መኪናዋን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። ከበድ ያለ ጉዳይ ሲመጣ ጓድ አምሳሉ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ያዞራሉ።

በሊቀመንበሩ በኩል ያለው በር ግንቡ ላይ ተጠግቶ ስለማይከፈት፣ ሁሉም የሚገባውና የሚወጣው በባለጉዳዩ በር ነው። የእሱ እጀታ ደግሞ ዘሟል፤ ከውጭ ቢጎትቱት አይሰማም።

«አስተካክለው» አሉት።

ሞላ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ደበሌ ቤቱ ሄዶ ከገዛ አልጋው አንድ ሞላ ነቀለ፣ ቆረጠ፣ በእሳት ቀጠቀጠ። በማግስቱ በሩ በአንዲት ጣት ይከፈት ጀመር። ደበሌ ሃያ ጊዜ ያህል ከፍቶ ዘጋው። ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እንደገና ተጠራ። ጓድ አምሳሉ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ማን እንዲህ አድርገህ ሥራው አለህ?»

«እርስዎ ነዎት ጓድ ሊቀመንበር።»

«አስተካክለው አልኩ እንጂ ሕዝብ ልቀቅብኝ አልኩ? እትዬ ወርቄ ለስኳር ጉዳይ ገብተው ወንበሩ ስለተመቻቸው እስከ ምሳ ሰዓት አልወጡም! እንደነበረ መልሰው!»

ደበሌ እጀታውን በመዳፉ ሸፈነ። «ጓድ፣ እኔ ማንሳት እንጂ መጣል አልተማርኩም።»

ነገሩ ለእሑድ ስብሰባ ቀረበ። ፀሐይ «አጀንዳ ሁለት፣ የበር እጀታ» ብላ አነበበች። ታደሰ የሚባል ባለሱቅ እጁን አወጣ።

«ለመሆኑ ይህ እጀታ የሚዘመው ለሰፊው ሕዝብ ነው ወይስ በሰፊው ሕዝብ ላይ?»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ምን እንዳለ የገባው ግን አልነበረም። ከሦስት ሰዓት ክርክር በኋላ ተወሰነ፤ እጀታው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይዘማል፣ ዓርብ የባለጉዳይ ቀን ስለሆነ ቀጥ ይላል። አፈጻጸሙን ጓድ ደበሌ በነፃ አገልግሎት ይከታተላል።

ከዚያ በኋላ ደበሌ ዓርብ ጠዋት ሞላውን ያስገባል፣ ሰኞ ጠዋት ያወጣል። የዓርቡን በደስታ ይሠራዋል። ሰኞ ሲሆን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያወጣው፤ ምሳም አይበላለትም።

አንድ ማክሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ተቆጣጣሪ ሳይታሰብ መጣ። እጀታውን ጎተተ፤ እምቢ አለ። መስተዋቱን አንኳኳ። ጓድ አምሳሉ ባለጉዳይ መስሏቸው አንገታቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ እጃቸውን እያወዛወዙ «ዓርብ! ዓርብ!» አሉ። ተቆጣጣሪው እንደገና አንኳኳ። መልሱ ያው ዓርብ ነው። ሰውየው ማስታወሻውን አውጥቶ፣ «ሊቀመንበሩ ከበላይ ለመጣ ሰው እንኳ የማያዳሉ፣ ከሥራቸው ቀና የማይሉ ጓድ ናቸው» ብሎ ጻፈ። በወሩ ጓድ አምሳሉ አድገው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ።

የተተኩት ጓድ ብርቅዬ የሚባሉ ሴት ስኳሩን አስወጥተው ክፍሉ ውስጥ ገቡ። መኪናዋ ባዶዋን ቀረች፤ የዘበኛው ዶሮ የኋላ ወንበሩ ላይ ዕንቁላል ትጥል ጀመር። ደበሌ ኮፍያውን አውልቆ ጓድ ብርቅዬ ዘንድ ገባ።

«እንግዲህ የእጀታው ነገር ይቅርልኝ?»

ጓድ ብርቅዬ ቃለ ጉባኤውን አገላበጡ። «የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ነው፤ ብቻዬን ልሽረው አልችልም።»

«ጉባኤ ይጠራልኛ!»

«ይጠራል። ግን አጀንዳ በዝቷል።»

አጀንዳው በዝቶ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ደበሌ ባዶዋን መኪና ዓርብ ያነሳል፣ ሰኞ ይጥላል። ብርሃነሽ «ማን ያይሃል? ተወው» ስትለው «ቃለ ጉባኤ አለ» ይላታል። አንድ ሰኞ ጨክኖ ሳይጥለው ቀረ። ከሰዓት በኋላ ሮጦ ሄዶ ጣለው።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ፣ መዝገብ የሚያጣሩ ሰዎች ስሙን አገኙት። ሥራው ምን እንደሆነ ቢጨንቃቸው ደብዳቤ ጻፉለት፤ «አቶ ደበሌ፣ ከእጀታ ተቆጣጣሪነት ሥራዎ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተዋል። ላበረከቱት አገልግሎት እናመሰግናለን።»

ደበሌ ደብዳቤውን ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ለብርሃነሽም ጮክ ብሎ አነበበላት፤ እሷም ለመሳቅ የከፈተችውን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ከሥራ ነው ያሰናበቱኝ፣ አየሽ?» አላት። «ከሥራ!»