አባቴ መንግሥታትን ሊያስታርቅ

እሪ በከንቱ ሰፈር ውስጥ ተጣልተው እኛ ቤት ያልመጡ ባልና ሚስት ጥቂት ናቸው። አባቴ የሰፈሩ ሽማግሌ ነው። ባልየውንም ሚስቲቱንም ለየብቻ፣ ሳያቋርጥ ይሰማል። ልጆቻቸው ግቢው ውስጥ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ልጅ ሽምግልና ላይ አይቀመጥም፣ ቃሉንም የሚጠይቀው የለም።

በሰሜኑ ጦርነት ሰበብ የአሜሪካ ማዕቀብ የመጣብን ጊዜ፣ ሁለቱን መንግሥታትም እንደዚያው ሊሰማቸው ተነሣ። አመሻሽ ላይ ከውጭ ሬዲዮ የአሜሪካኖቹን ቃል ያዳምጣል፤ ቀጥሎ የእኛን ቴሌቪዥን ይከፍታል። እነዚያ፣ እርምጃው ጦርነቱን ለማስቆም ነው፣ ሕዝቡን አይነካም ይላሉ። የእኛዎቹ ደግሞ፣ ሉዓላዊነታችንን የሚዳፈር ጫና ነው፣ ሕዝባችንን ግን አያንበረክክም ይላሉ። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

«ሁለቱም የማይሆን ነገር ነው የሚያወሩት» አልኩት።

«ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነው» አለኝ። «ሁለቱም ለሕዝቡ ብለን ነው እያሉ አይደል? እንዲህ የሚሉ ሰዎች መታረቃቸው አይቀርም።»

ሳቄን አፈንኩት። ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ለሁለቱም እኩል ራሱን ሲነቀንቅላቸው ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ከሁላችንም ይበልጥ ነገሩ የሚነካው እህቴን ነበር። ወደ አሜሪካ የሚላክ ሸሚዝ የሚሰፋበት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ጎህ ሳይቀድ አራት ኪሎ ወጥታ ሰርቪስ ትይዛለች። በማዕቀቡ ሸሚዙ ያለ ቀረጥ አሜሪካ መግባቱ ሲቀር ፋብሪካውም መዘጋቱ አይቀርም ይባል ነበር። ማታ እራት ላይ ዜናው ሲወራ አንገቷን ደፍታ ትጎርሳለች። አባቴም ለጭንቀቷ አስቦ መሰለኝ፣ ስለ ሥራዋ አያነሣባትም።

አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ምሳ ሳይቀርብ መጣች። ሽርጧንና መቀሷን በፌስታል ይዛለች። ቴሌቪዥኑ ማዕቀቡ እንደማይጎዳን እያብራራ ነበር። አባቴ ፌስታሉን አየና ከወንበሩ ተነሥቶ እሷን አስቀመጣት። እሱ ዱካ ስቦ ከጉልበቷ ሥር ተቀመጠ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?» አላት።

እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም ብሆን። ፌስታሉን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ኮሌታ ላይ ነበር የመደቡኝ፣ አባዬ» አለችው። «ኮሌታ ከባድ ነው። ግን ለምጄው ነበር፤ እወደውም ነበር።»

አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።