በቱቦው ዙሪያ የቀረው ክፍተት

የበደለኝ ዋርሳዬ ነው፤ የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም። በስደት በኖርኩበት የዐረብ አገር ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመት፣ ጀብራ በሚባለው ሰፈር የሠራሁት ቤት የላይኛው መታጠቢያ ክፍል ሊሾ መደረግ በጀመረበት ሐሙስ። እሱ ረስቶት ከሆነ እኔ አልረሳሁትም።

እዚያው ከተማ፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ የተሰጠችኝ ክፍል ከእመቤቲቱ መታጠቢያ ሥር ነበረች። እነሱ በታጠቡ ቁጥር ውሃው በቱቦው ዳር እየተንጠባጠበ አልጋዬ ላይ ይወርዳል። ሳፋ ደቅኜ ነው ያረጀሁት። ሌላውን አልናገርም። የራሴን ቤት ስሠራ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመኝታዬ በላይ ያሉት ሁለት ቱቦዎች ዙሪያቸው በደንብ ሳይደፈን ሊሾ እንዳይደረግ። ሌላውን ሁሉ ለዋርሳዬ ትቼለታለሁ፤ የበሩን ቀለም እንኳ እሱ ነው የመረጠው።

ቱቦ ለማሳለፍ ግንበኞቹ ሶሌታውን፣ የፎቁን ወለል፣ ሲበሱት ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት ተርፏል። ባሌ በሕይወት ሳለ የታችኛውን ወጥ ቤት የቱቦ ቀዳዳ ሲደፍን አይቻለሁ። አቧራውን ይጠርጋል፣ ጠርዙን ያረጥባል፣ ከሥር ጣውላ ደግፎ ወፈር ያለ ሲሚንቶና አሸዋ ይጠቀጥቅበታል። ሲደርቅ ውሃ አፍስሶ ያየዋል። ይህ ማደር ይፈልጋል። ዋርሳዬ ግን ለዚያው ቀን ጎረቤቱን ለከራማ ጠርቶ በግ አሳርዷል። ለቤቱ ድግስ መሆኑ ነው። እኔ የእነሱን እርድ አልበላም፤ ወጡን የምሠራው ግን እኔው ነኝ።

ወጥቼ ሳየው ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት እየጨመደደ ክፍተቱ ውስጥ ይጎሰጉሳል።

«ይሄ እኮ ወረቀት ነው» አልኩት።

«ሊሾው ይሸፍነዋል፤ ማን ያየዋል?»

«ከሥሩ የምተኛው እኔ ነኝ።»

ወደ ግንበኞቹ ዞረና፣ «ይህቺ ሐበሻ ወንድሜን አግብታ መሐንዲስ ሆናላችኋለች» አለ። ሳቁ። «ያላ፣ ወደ ድስትሽ! ሥጋው እንዳያርብሽ።»

«ሥጋው ቢያር ይደፋል። ቤቱን የት ልድፋው?»

«አያፈስም፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

እንግዳ መግባት ስለጀመረ ወረድኩ። ሽንኩርት ሳማስል ከላይ አካፋ ሲፋቅ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይቶ ከክፍሌ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ መጣ። ገባሁ። ወረቀቱ ርሶ ተዘርግፏል፤ ቀጥኖ የተቦካው ሊሾ አልጋዬን ልዘረጋ ያሰብኩበት ቦታ ላይ ይንጠፈጠፋል።

ጠራሁት። መጥቶ አንጋጠጠና፣ «ማዐሌሽ፣ ግድ የለም፤ ሳፋ ደቅኚበት። ሲደርቅ ያቆማል» አለኝ።

ሳፋ! በገዛ ቤቴ!

ድስቱን ከእሳት አወረድኩ። አካፋ ይዤ ወጣሁና በቱቦዎቹ ዙሪያ ያለውን ሊሾ ዛቅሁት፤ ወረቀቱን ጎትቼ አወጣሁ። «አብደሻል? ሰው እያየ!» ይለኛል ከኋላዬ። ለግንበኞቹ፣ «ይህ ቤት የእኔ ነው፤ ከእንግዲህ የምትሰሙት እኔን ነው» አልኳቸው። ጣውላ ደግፈው ክፍተቱን በሲሚንቶ ደፈኑት። በማግስቱ ባልዲ ሙሉ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ጠብ አላለም። ቅዳሜ የተዛቀው ቦታ እንደገና ሊሾ ተደረገ።

ያን ሐሙስ ሥጋውን ለእንግዶቹ አቀረብኩ። ለእሱ አላቀረብኩም። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብዬው አላውቅም።