ውሪትን ያስጾምኩበት ሁዳዴ

ልጄ ሳምራዊት የእንስሳት ሐኪም ናት። ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ሸዋ ሮቢት ስትመጣ ከመኪናዋ ኋላ ሁለት ከረጢት አወረደች። ሰው ከዚህ ሽንኩርትና ፓፓያ ጭኖ ይሄዳል እንጂ ወደዚህ ምን ይጭናል ብዬ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። በአንዱ ላይ ውሻ፣ በሌላው ላይ ድመት ተሥሏል፤ ከሥራቸው አተርና ሽምብራ።

«እማዬ፣ ለውሻሽና ለድመትሽ ነው። ሥጋ የለበትም፤ ፕሮቲኑ ከጥራጥሬ ነው» አለችኝ።

«የጾም ነዋ!» ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ግን ቶሎ ቆመ፤ የልጅነት ድመቴ ውሪት ትዝ አለችኛ። «ለድመቷም ይሆናል?» አልኳት። መልሷን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ያኔ፣ በዚሁ ቤት፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማልጠፋ፣ እናቴን ሳይቀር የምገሥጽ፣ አጉል ጻድቅ! ወንድሜ ተፈራ «እማሆይ» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። በነነዌ ጾም የንስሐ አባታችን ሲያስተምሩ፣ በዚያች ከተማ ሰው ብቻ ሳይሆን እንስሳውም አብሮ ጾመ አሉ። ሌላው ትምህርት በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ፤ እሷ ቃል ግን ውስጤ ቀረች። ሁዳዴ ሲገባ ውሻችን መቻልና ድመታችን ውሪት እንደሚጾሙ አወጅኩ።

«የራስሽን ጹሚ! እንስሳ ምን በደለ?» አለች እናቴ። እሷ ግን ከገበያ ገበያ ስትል ትውላለች፤ ጓዳው የኔ ነበር።

አባቴ ማሽላው መሀል ማሾ ይዘራ ነበር። እሱን ከክቼ፣ እስኪፈርስ ቀቅዬ፣ የማሽላ ቂጣ እፈረፍርበትና ኑግ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ። መቻል ሳህኑን ልሶ መሬቱን ይደግማል። ወፈረ፣ ጠጉሩ አበራ። እኔም የጾም በረከት ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ውሪት ግን አሽታ፣ ቀና ብላ የሰደብኳት ያህል አይታኝ ትሄዳለች። ለካ ሆዷን የምትሞላው ሌላ ቦታ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አይጥ በአፏ ይዛ ከጎተራው ሥር ብቅ አለች። ጉድ ነው! እቤቴ ውስጥ በሁዳዴ ሥጋ! አይጧን አስጥዬ፣ ውሪትን በነጠላ ቅዳጅ ከጓዳው ምሰሶ ጋር አሰርኳት። እንግዲህ ትጹማለች አልኩ።

መጀመሪያ ስትጮህ ሰነበተች። ሲርባት ከማሾው ትንሽ ትልስና መልሳ ታስመልሰዋለች። ደብረ ዘይት ሲደርስ ዳሌዋ ሾሎ ወጣ፣ ጠጉሯ እንደ አሮጌ ጆንያ ሻከረ፣ ዓይኗ አር ያዘ። በመጨረሻ ጩኸቱንም ተወችው። ሌሊት እግሬ ሥር ትተኛ የነበረች ድመት እኮ ናት። እወዳታለሁ፤ ግን ብፈታት ጾም ያፈረስኩ መሰለኝ። እያለቀስኩ አልፈታትም አልኩ።

አንድ ቀን፣ የመጋቢት ሐሩር ቆርቆሮውን ሲያንጨረጭረው፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ በአጥሩ ሽንቁር ገቡ። ባላቸው ሥጋ ሻጭ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ የድመቷ ድምፅ ጠፋ። ምን ሆና ነው?»

«ጾም ላይ ናት።»

«ያ አላህ! ማን ነገራት?» አሉና እየሳቁ ጎንበስ ብለው የጎድኗን አጥንት ዳሰሱ። ሳቃቸው ጠፋ። «እኛም እኮ እንጾማለን፤ ድመት ስናስጾም ግን አይተሽ ታውቂያለሽ? ይቺ ዛሬን አታድርም። ተነሽ፣ ተሸከሚያት!»

ቅዳጁን ፈትቼ ቤታቸው ይዣት ገባሁ። ጉበት ከትፈው በሳህን አቀረቡ። ውሪት አፏን አልከፍትም አለች፤ በእጃቸው ቢያስጠጉላት ፊቷን አዞረች።

«እኔን አታውቀኝም። በእጅሽ ስጫት» አሉኝ።

በሁዳዴ፣ የእስላም ሥጋ፣ በኔ እጅ! በዚያን ጊዜ በኛ ሠፈር ክርስቲያን ይህን ማድረጉ ቢሰማ ወሬው ካራቆሬ ይደርሳል። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ።

«ብዪ መች አልኩሽ? አጉርሻት ነው ያልኩሽ!» ብለው ጮኹብኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ጫፍ ትንሽ አነሳሁና ከንፈሯ ላይ ቀባሁላት። አልላሰችም። ደግሜ ቀባሁ። ያቺ ሻካራ ምላሷ ጣቴን ስትነካው ከአንጀቴ ነው ያለቀስኩት። እትዬ ዘሃራም በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

እጄን በሎሚም በአመድም አሸሁት። በማግሥቱ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። አጥብቀው ይቀጡኛል ብዬ አንገቴን ብደፋ፣ «ስንት ቀን አሰርሻት?» አሉኝ። ሦስት ሳምንት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«የነነዌ ሦስት ቀን ናት! አንቺ ከነነዌ ንጉሥ በለጥሽ? በይ ሂጂ፣ ቀኖናሽ ድመቷን ማዳን ነው።»

እስከ ፋሲካ በየቀኑ ወደ እትዬ ዘሃራ ቤት ተመላለስኩ፤ ጣቴም ለመደው። ተፈራ «ድመታችን ሰለመች» እያለ መንደሩን ሲያስቅ ከረመ። ውሪት ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ በፋሲካም በኢድም በላች። ከሁለታችን ቤት ያንን የታደለ ሌላ ሰው አላውቅም።

ሳምራዊት ያለችኝ ይህን ነው። ውሻ ጥራጥሬው በደንብ ከተዘጋጀለት ይስማማዋል። ድመት ግን ከሥጋ የምታገኘው፣ በእህል ውስጥ የሌለ ነገር አለ፤ እሱ ከጎደለባት ልቧም ዓይኗም ይታመማል፤ ስለዚህ ፋብሪካው ለብቻው ይጨምርበታል። ልጄ ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ተማረች። እትዬ ዘሃራ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ የጎድን አጥንት ዳስሰው ነው ያወቁት። እኔ ደግሞ ልቤ እየነገረኝ አልሰማ ያልኩ ነኝ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ሁለቱንም ከረጢት ከፈትን። ውሻዬ ሳህኑን ልሶ መሬቱን ደገመ። ድመቴ አሽታ ቀና ብላ አየችኝ። አተያይዋን አውቀዋለሁ።

«እማዬ፣ ትለምደዋለች፤ ትንሽ ጠብቂ» አለች ሳምራዊት።

«አንዴ ጠብቄያለሁ» አልኩና ድመቴን አቅፌ አጥሩን ዞሬ ወደ እትዬ ዘሃራ ቤት ሄድኩ። አሁን እዚያ ያለችው ልጃቸው ከድጃ ናት። ገና በሩ ላይ ስታየን «ጾም ገባ እንዴ?» ብላ ሳቀችና ሳህን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።