ለዓሣ ያሠራሁት ብረት ሰው ያዘ

ዛሬ ፊንጫ ሐይቅ ላይ ነፋስ ጀልባችንን ሲያዘነብላት፣ ልጇን ያቀፈች እናት ከኋላ ያለውን የዓሣ ሳጥኔን መደርደሪያ ጨበጠች። ንቅንቅ አላለም።

ያን የብረት መደርደሪያ የሠሩልኝ የነቀምቱ በያጅ ኦቦ ዲንቃ ናቸው። በየእግሩ ሰያፍ የብረት ድጋፍ ሲጨምሩበት "ለዓሣ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?" ብዬ ተነጫንጬ ነበር።

(የሳጥኑን ክብደት የነገርኳቸው ያለ በረዶ፣ ያለ ዓሣ፣ ባዶውን መዝኜ ነው። አትሳቁ።)

እሳቸው ግን "ጀልባ ላይ የደነገጠ ሰው የሚይዘውን አይመርጥም" ብለው ብየዳቸውን ቀጠሉ።

ስንወርድ ሴትዮዋ እኔን አመሰገነችኝ። አፍሬ ወዲያው ለኦቦ ዲንቃ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው። ስለ ብረቱ ይጠይቁኛል ስል "ልጁስ ደህና ነው?" አሉኝ።

ኦቦ ዲንቃ፣ ገለቶማ።

እናንተስ፣ ያኔ ተነጫንጫችሁበት ዛሬ የምታመሰግኑት ባለሙያ አላችሁ?